ኮራል ማስታመም፦ «ምን ልጨምርበት?» ለምትሉኝ

ቤታቸው በአኳሪየም (በመስታወት የውሃ ገንዳ) ኮራል ከሚያሳድጉ ሰዎች አንድ ዓይነት ፎቶ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ሰማያዊ መብራት፣ ዓለት ላይ የተኮማተረ ኮራል፣ ከሥሩ «ምን ልጨምርበት?» የሚል ጥያቄ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እስክትለኩ ድረስ ምንም። ይህ በስልክ ሲነገር ደረቅ ይሆናል፤ ሰዉም የደበቅኩት መድኃኒት ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ሙሉውን አሠራር ጻፍኩላችሁ።

ምሳሌዬ ሃመር ኮራል ነው፤ የእጆቹ ጫፍ መዶሻ የሚመስለው። ጀማሪ የሚገዛውም፣ ታሞ ፎቶው የሚላክልኝም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቶርችና ፍሮግስፖን ለሚባሉት ዘመዶቹም ያው ይሠራል። አክሮፖራን የመሳሰሉት፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያድጉት ኮራሎች፣ የሚለዩበት ነገር ሲኖር እዚያው ቦታው ላይ እጠቅሳለሁ።

ሞቷል ወይስ ታሟል?

ነጭ የሆነ ሁሉ የሞተ አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች (ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት) ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ይቀልቡታል፤ ቡናማና አረንጓዴ መልኩም በአብዛኛው ከእነሱ የሚመጣ ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ሲበዛበት አልጌዎቹን ያጣል፤ ሥጋው እንደ መስታወት ጠርቶ ከሥሩ ነጩ አጽም ይታያል። በባትሪ መብራት ከጎን አብሩበት። ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ሥጋ ከታያችሁና እጆቹ ትንሽም ብትሆን ከተንቀሳቀሱ ሕያው ነው፤ ችግሩ ረሃብ ነው። አጽሙ ሻካራና ደረቅ ሆኖ ጠርዞቹ ስለት ከመሰሉ፣ ያ ክፍል አልቋል።

ሌሎቹ ምልክቶች እንዲህ ይነበባሉ፦

- ተኮማትሮ ቀለሙ ያልለቀቀ፦ ብዙውን ጊዜ የውሃ ለውጥ፣ ኃይለኛ ፍሰት፣ ወይም የሚነካው ዓሣ አለ።
- ሥጋው ከአጽሙ ጠርዝ እየሸሸ የሚወርድ፦ የአልካሊኒቲ (የውሃው አሲድ የመቋቋም አቅም) መዋዠቅ ወይም የጎረቤት ኮራል ንድፊያ።
- የጠቆረና ቡናማ የሆነ፦ ብርሃን አንሶታል ወይም ናይትሬትና ፎስፌት (ከምግብ ትራፊና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች) በዝቷል። ይህ አስቸኳይ አይደለም።
- እንደ ንፍጥ የሚንጠለጠል ቡናማ ዝልግልግ፣ ከክፉ ሽታ ጋር፦ ይህ አስቸኳይ ነው። ሌላውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ 7ኛው ደረጃ ሂዱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጨዋማነት መለኪያ (ሪፍራክቶሜትር) እና ጨዋማነቱ 35 የሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ
- ቴርሞሜትር፤ ማሞቂያው ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ
- የአልካሊኒቲ፣ የካልሲየም፣ የማግኒዥየም፣ የናይትሬት፣ የፎስፌትና የአሞኒያ መመርመሪያ
- በአር ኦ ዲ አይ ማጣሪያ (በውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ በሚያስቀር) ያለፈ ንጹሕ ውሃ እና የኮራል ጨው
- አክቲቭ ካርቦን (ከውሃ ውስጥ መርዝ የሚመጥ ከሰል)
- ለኮራል ተብሎ የተሠራ፣ ተባይ የሚያስለቅቅ ማጥለቂያ ፈሳሽ
- ሁለት ባልዲ፣ ለአኳሪየም ብቻ የተለየ፤ ሳሙና የነካው ባልዲ አይሆንም
- ስለታም ፒንሳ ወይም የኮራል መቁረጫ፣ ሱፐር ግሉ ጄል
- ስሪንጅ ያለ መርፌ፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ
- ጓንትና ዓይን የሚሸፍን መነጽር
- የግራም ሚዛን፣ ደብተርና እስክሪብቶ

ደብተሩን ለማሳመር ያስገባሁት እንዳይመስላችሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ኮራል የሚያድነው እሱ ነው።

1. እጃችሁን ከውሃው አውጡና ጻፉ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ተለወጠ? አዲስ ዓሣ፣ አዲስ መብራት፣ የጨው ብራንድ፣ የተቋረጠ መብራት ኃይል፣ የተበላሸ ማቀዝቀዣ፣ በአጠገቡ የተረጨ የትንኝ መድኃኒት። ሁሉንም ጻፉ። ፎቶም አንሱ፤ መብራቱን ነጭ አድርጉት እንጂ በሰማያዊ አታንሱ፤ ሰማያዊ ብርሃን ሕመሙን ይደብቃል። በየሦስት ቀኑ ከአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት ካላነሳችሁ ለውጡን ዓይናችሁ አይለየውም፤ ያልተሻለውን «ተሻለው»፣ የዳነውን «ባሰበት» ትላላችሁ።

2. ለኩ

የምትፈልጉት ይህን ነው፦

- ሙቀት፦ 25–26 ዲግሪ ሴልሺየስ
- ጨዋማነት፦ 35 (በመለኪያው ሌላ መስመር፣ በአንጻራዊ ክብደት፣ 1.026)
- አልካሊኒቲ፦ 8–9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ)
- ካልሲየም፦ በሊትር 400–450 ሚሊግራም (ከዚህ በታች ያሉትም በሊትር ሚሊግራም ናቸው)
- ማግኒዥየም፦ 1250–1400
- ናይትሬት፦ 5–15
- ፎስፌት፦ 0.03–0.1
- አሞኒያና ናይትራይት፦ 0

መጀመሪያ መለኪያውን ራሱን ፈትኑት። ሪፍራክቶሜትርን በንጹሕ ውሃ 0 ላይ አስተካክሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ 0 ላይ ትክክል የሆነ መለኪያ 35 ላይ ሊዋሽ ይችላል። በ35ቱ ፈሳሽ አስተካክሉት። «ጨዋማነቱ ልክ ነው» ያለኝን ሰው ሁሉ ይህን ነው የምጠይቀው።

አልካሊኒቲን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኩ፣ ቢያንስ ለአራት ቀን። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። የካልሲየሙ ክምችት ትልቅ ስለሆነ ሲቀንስ ቶሎ አይታወቅም፤ አልካሊኒቲ ግን በሁለት ቀን ሊወርድ ይችላል። የአንድ ቀን ቁጥር ያለበትን እንጂ የሚሄድበትን አይነግራችሁም። ሰኞ 8.2፣ ማክሰኞ 7.7፣ ረቡዕ 7.2 ካገኛችሁ በሽታውን አገኛችሁት ማለት ነው፤ በቀን 0.5 እየተበላ የሚተካ የለም።

ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም 0 ከሆኑ አትደሰቱ። ኮራሉ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ከእነሱ ነው የሚመገቡት። ውሃውን እንደ መስታወት አጥርቶ ኮራሉን ያስራበ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ፎስፌት መምጠጫውን አውጡ፣ ዓሦቹን ትንሽ ጨምራችሁ አብሉ።

3. ውሃውን በቀስታ አስተካክሉ

ቅደም ተከተሉ ይኑር፦ ሙቀት፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ አልካሊኒቲ፣ ከዚያ የቀረው። ጨው ሳይስተካከል አልካሊኒቲን ማረም የቆሸሸ ሳህን ላይ እንጀራ መዘርጋት ነው፤ ጨዉ ሲለወጥ ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ አብረውት ይለወጣሉ።

ሙቀት ከበዛ የአኳሪየሙን ክዳን ክፈቱና ቬንቲሌተር ወደ ውሃው ፊት አዙሩ፤ ውሃው ሲተን ይቀዘቅዛል። በረዶ አትጨምሩ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ በበጋ ለሥራ ወይም ለጉዞ ስትወጡ የቤቱን ኤሲ ካጠፋችሁ፣ ስትመለሱ ነጭ ኮራል ይጠብቃችኋል።

ጨዋማነት ከበዛ፣ ከአኳሪየሙ ጥቂት ውሃ እየቀዳችሁ በንጹሕ ውሃ ተኩ። ካነሰ ደግሞ የሚተነውን ውሃ ለጥቂት ቀናት በጨው ውሃ ሙሉ። በቀን ከ1 በላይ አታንቀሳቅሱት። ጨው አይተንም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ በጤናው ጊዜ የጎደለውን የምትሞሉት ሁልጊዜ ጨው በሌለበት ውሃ ነው።

አልካሊኒቲ ካነሰ ተራ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለ100 ሊትር ውሃ 3 ግራም ገደማ ሶዳ በ1 ዲኬኤች ከፍ ያደርጋል። 200 ሊትር ውሃ የያዘን አኳሪየም ከ6.5 ወደ 8 ለማድረስ 9 ግራም ያስፈልጋል። ይህን ለሦስት ቀን ከፍላችሁ በቀን 3 ግራም፣ በንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ፍሰት ባለበት በኩል በዝግታ አፍስሱ። በየቀኑ የሚበላ ከሆነ የሚበላውንም ደምሩበት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ፓውደሩ አሲድና ስታርች አለበት።

በቀን ከ0.5፣ ቢበዛ ከ1 አትለፉ። እኔ አንድ ማታ ከ6.4 ወደ 9.5 አዘለልኩት፤ ቸኩዬ ነበር። በማግስቱ የአክሮፖራው ሥጋ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተላጠ ሲሄድ አገኘሁት። ዝቅ ያለው ቁጥር ለሳምንታት አልገደለውም ነበር፤ የገደለው የእኔ እርማት ነው።

ከዚህ ጋር ለሁለት ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 በመቶ ውሃ ለውጡ። አዲሱ ውሃ ሌሊቱን ሲማሰል አድሮ ሙቀቱም ጨዋማነቱም ከአኳሪየሙ ጋር እኩል መሆን አለበት። አክቲቭ ካርቦን ማጣሪያው ውስጥ አስቀምጡ፤ ለስላሳ ኮራሎች ለጎረቤት መርዝ የሚሆን ነገር ወደ ውሃው ይለቃሉና እሱን ይመጥጣል።

የቧንቧ ውሃን አሳድሮ መጠቀም አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን (በክሎሪንና በአሞኒያ ውሁድ) ነው፤ ክሎሪን ክፍት ባልዲ ውስጥ ሲያድር ይወጣል፣ ክሎራሚን ግን ይቀራል። «የባሕር ውሃ ብቀዳስ?» ለሚሉኝ የኤላትና የጅዳ ሰዎች ደግሞ፦ የቀይ ባሕር ጨዋማነት ወደ 40 ይጠጋል፤ በ35 የለመደ በሽተኛ ላይ በአንድ ጊዜ ብታፈሱት ሌላ ሕመም ትጨምሩበታላችሁ።

4. ሌሊት ጎብኙት

መብራት ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ ብርሃን ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ የሌሊት ፍጥረታት ቀዩን ብርሃን አይሸሹም። ሸርጣን ሥጋውን ሲቆነጥር፣ ሽሪምፕ አፉ ላይ ቆሞ ምግቡን ሲሰርቅ፣ ጠፍጣፋ ትል ሲሳብ ልታዩ ትችላላችሁ። የጎረቤት ኮራልንም ያኔ ነው የምትይዙት። ሃመርና ዘመዶቹ ሌሊት ረጅም የመናደፊያ ክር ይዘረጋሉ፤ ቀን ተራርቀው የሚታዩ ሌሊት ይጣላሉ። በመካከላቸው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

ቀን ደግሞ ከክፍሉ ራቅ ብላችሁ ዓሦቹን ተመልከቱ። አንጀልፊሽና በተርፍላይፊሽ ኮራል ይነክሳሉ፤ ሰው ሲቀርብ ግን ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው ይመጣሉና ጨዋ ይመስላሉ።

5. ቦታ፣ ብርሃንና ፍሰት

ኮራሉን ወደ ታች አውርዱት፣ አሸዋው አጠገብ ወይም ከአኳሪየሙ ቁመት ታችኛው ሲሶ ላይ። መብራቱን ከነበረበት ግማሽ አድርጉና በቀን 8 ሰዓት ብቻ ይብራ። አልጌውን ያጣ ኮራል የፀሐይ መከላከያውንም ያጣ ነው፤ «ቀለሙ ይመለስ» ብሎ ብርሃን መጨመር ቁስል ላይ ፀሐይ ማስመታት ይሆናል። የብርሃን መለኪያ ያለው ሰው ለበሽተኛው ፓር (አልጌ የሚጠቀምበት የብርሃን መጠን መለኪያ) 50–75 ያህል ይስጠው። ካገገመ በኋላ በየሳምንቱ 5 በመቶ እየጨመራችሁ ወደ 100 አካባቢ ትመልሱታላችሁ።

ፍሰቱ እጆቹን ማወዛወዝ አለበት እንጂ ወደ አንድ ወገን ማስተኛት የለበትም። ፓምፑ በቀጥታ የሚመታው ሥጋ አጽሙ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ይቀደዳል። ፍሰት ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ቆሻሻ ያርፍበትና ይበሰብሳል። ካስቀመጣችሁት በኋላ ለሁለት ሳምንት አታንቀሳቅሱት። በየቀኑ ቦታ የሚለወጥለት ኮራል አይከፈትም።

6. ማጥለቅ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ

ተባይ ካያችሁ ወይም ሥጋው በፍጥነት እየሸሸ ከሆነ ብቻ አጥልቁት። ማጥለቂያው ራሱ ድካም ነው፤ ውሃው የተዛባበት ኮራል ላይ ከጠቀሜታው ጉዳቱ ይበልጣል።

ሁለት ባልዲ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ሙሉ። በአንዱ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ፈሳሹን ጨምሩ፤ «ጠንከር ይበል» ብላችሁ አታብዙ። የተጻፈውን ደቂቃ ብቻ አቆዩት፣ በስሪንጅ ውሃውን ቀስ ብላችሁ እያነፋችሁበት፤ የተጣበቀው ትል በዚያ ይወድቃል። በሁለተኛው ባልዲ አለቅልቁና መልሱት። ሁለቱንም ውሃ ድፉ፤ ወደ አኳሪየሙ አይመለስም። ማጥለቂያ የትል እንቁላል ስለማይገድል፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ የሚታይ እንቁላል ካለ በጥርስ ብሩሽ ከአጽሙ ላይ ፈግፍጉት።

7. ቡናማ ዝልግልግ ሲይዘው

ይህ ብቻ ነው ቶሎ በሉ የምላችሁ። አንዱን ራስ (በአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ያለውን ሥጋና አፍ) ከያዘ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል።

ሀ) መጀመሪያ ፓምፖቹን በሙሉ አጥፉ። ዝልግልጉ ከተበተነ ሌላው ኮራል ላይ ያርፋል።

ለ) በቀጭኑ ቱቦ ዝልግልጉን ወደ ባልዲ እየሳባችሁ አውጡ። ከዚያ ኮራሉን በአኳሪየሙ ውሃ የተሞላ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ አንሱት፤ በባዶው ካነሳችሁት መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

ሐ) ቅርንጫፍ ያለው ሃመር ከሆነ የታመመውን ራስ ቁረጡ። የሚቆረጠው ሥጋው አይደለም፤ ከሥጋው ዝቅ ብሎ ያለው ራቁት የአጽም ግንድ ነው፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከታች። ፒንሳው ግንዱን ሲሰብር ስንጥቁ ወደ ላይ ይሄዳልና ሥጋው አጠገብ ብትቆርጡ ጤነኛውንም ትጎዳላችሁ።

መ) የተረፈውን አጥልቁ (6ኛውን ደረጃ ተመልከቱ)፣ ከተቻለ ማሞቂያና አነስተኛ ፓምፕ ባለው ሌላ ዕቃ ለአንድ ሳምንት ለብቻው አቆዩት።

እንደ ግድግዳ የተያያዘው የሃመር ዓይነት ቅርንጫፍ ስለሌለው ይህ ለእሱ ይከብዳል፤ መሳብና ማጥለቅ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ዕድሉም ያንሳል። አክሮፖራ ከሥሩ እየተላጠ ሲመጣ ግን ሥጋው ከሚሸሽበት መስመር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ገብታችሁ ቁረጡና ጤነኛውን ቅርንጫፍ በሱፐር ግሉ ጄል አዲስ ድንጋይ ላይ ትከሉ። እናቱን ለማዳን ስትጠብቁ ልጁንም እንዳታጡ።

8. ማብላት

የተዘጋ ኮራል አይበላም። እጆቹን ሲዘረጋ፣ አፉ ላይ ስትነኩት የመጣበቅ ስሜት ሲኖረው ጀምሩ። ፓምፑን ለ15 ደቂቃ አጥፉ፣ በረዶው የቀለጠ ማይሲስ ሽሪምፕ (ለዓሣና ለኮራል ምግብ የሚሸጥ ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ከአፉ ያነሰ አድርጋችሁ በስሪንጅ እጆቹ ላይ ጣሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ያልዋጠውን መልሳችሁ ምጠጡ፤ አፉ ላይ የበሰበሰ ምግብ ለዚያ ዝልግልግ በሽታ በር ይከፍታል።

ማስጠንቀቂያ

ዞአንቲድና ፓሊቶአ የሚባሉት፣ እንደ ትናንሽ አበባ ተደርድረው የሚያድጉት፣ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። የተተከሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ የፈላ ውሃ አታፍሱበት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፣ ከውሃ ውጭ በብሩሽ አትፈግፍጉ። በእንፋሎቱ መላው ቤተሰብ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ስትነኳቸውና ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጨርሶ አትንኩ፣ ከምግብ ማብሰያ ቦታ ራቁ። ከነካካችሁ በኋላ አፋችሁ ከመረረ፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱና «ፓሊቶክሲን» የሚለውን ቃል ለሐኪሙ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

ውሃ ውስጥ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ማሞቂያውንና ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉ። የኤሌክትሪኩ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ መውጣት አለበት፤ የሚንጠባጠበው ውሃ እጥፋቱ ላይ ይቀራል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ኮራል ባለበት ውሃ አይገባም። የታመመ ዓሣ ካለ አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ አክሙት። ዝገት የያዘ ማግኔት ወይም የተሰነጠቀ ማሞቂያ ካለም ፈልጉ፤ ምክንያቱ ጠፍቶባቸው ወር ከለፉ ሰዎች ዘንድ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በአንድ ቀን ውሃ መለወጥ፣ ማጥለቅ፣ ቦታ ማዘዋወርና መብራት መቀነስ። ቢድን በምን እንደዳነ፣ ቢሞት በምን እንደሞተ አይታወቅም። ውሃውን አስተካክሉ፣ ቦታውን ምረጡ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት አምስት ቀን ቁጠሩ። ቡናማው ዝልግልግ ብቻ ነው ከዚህ ውጭ የሚሆነው።

አዮዲን፣ ስትሮንሺየም፣ አሚኖ አሲድ እያሉ የማይለኩትን ማፍሰስ። መመርመሪያ ከሌላችሁ ጠርሙሱን አትክፈቱ።

ሻጩ ያለውን መጠን መገመቻ ማድረግ። የ200 ሊትር አኳሪየም ዓለትና አሸዋ ሲገባበት 200 ሊትር ውሃ አይዝም፤ 160 ወይም 170 ሊሆን ይችላል። ሶዳችሁን የምትመዝኑት በውሃው ነው እንጂ በመስታወቱ አይደለም።

ምን ያህል ልጠብቅ?

የተኮማተረው በቀናት ውስጥ መከፈት ይጀምራል። ቀለም የለቀቀው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚመለሰው ቡናማው ነው፣ ደማቁ በኋላ ይከተላል። የተራቆተ አጽም በአብዛኛው መልሶ ሥጋ አይለብስም፤ ግን አትጣሉት። ሃመር ግንዱ ላይ፣ ከሞተው ራስ ሥር፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አዳዲስ አፎች ሊያበቅል ይችላል። አጽሙ ላይ አልጌ እንዳይወርሰው ቀንድ አውጣ አጠገቡ ልቀቁ፤ በየሳምንቱም በባትሪ ፈትሹት። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነና ምንም ሥጋ ካልቀረው ግን በዚያው ቀን አውጡት፤ የሚበሰብሰው ሥጋ አሞኒያ ይለቃል፣ ቀሪዎቹም ይታመሙባችኋል።